የሚያልበው ስልቻ

የስልቻ ውሃ ከጣዕሙ ሽታው ይቀድማል። የግራር ቅርፊት አለበት፤ ጭስ አለበት፤ የተቀባው ቅቤ አለበት፤ ከሁሉም በታች ፍየሏ ራሷ አለች። ለለመደ ሰው ግን ይህ ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉንጮች ጣጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅዝቃዜው ብቻ ይቀራል፤ ጥርስ የማያሳምም፣ ጉሮሮ የማያንቅ፣ ቀስ ብሎ ደረት ላይ የሚያርፍ ቅዝቃዜ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባቲ ላደግን ልጆች ይህ ውሃ የሚገኘው ሰኞ ሰኞ ነበር። ሰኞ ገበያ ነው። ከደጋው እህልና በርበሬ ይወርዳል፤ ከቆላው አፋሮች ጨው፣ ቅቤና ከብት ይዘው፣ ግመሎቻቸውን እየሳቡ ይወጣሉ። በግመሉ ጎን፣ ከጭነቱ ሥር፣ አንገቷ በጠፍር የታነቀ፣ አራት እግሯ የተቋጠረ፣ ሆዷ የተነፋ ነገር ተንጠልጥላ ትታያለች። ግመሉ በተራመደ ቁጥር ትወዛወዛለች፤ ከሆዷ ሥር ጠብ፣ ጠብ ይላል። የጠብታውን መስመር አቧራው ላይ እየተከተልን የትኛው እንግዳ የማን ቤት እንደገባ እናውቅ ነበር።

የአያቴ ቤት ከገበያው ዳር ስለነበር እንግዳ አያጣም። ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ስልቻው ከግመሉ ይወርድና ጥላ ያለበት ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ ቀጥሎ ሰውየው ይቀመጣል፤ ከዚያ ዳጉ ይጀመራል። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚለዋወጥበት ወግ ነው። አያቴ ቋንቋውን ስለሚችሉ ከእሳቸውም ጋር ያንኑ ያደርጉ ነበር። የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ከማን ጋር መንገድ ላይ ታየ። አያቴም በተራቸው የደጋውን ይመልሳሉ። ወሬው እስኪያልቅ ስልቻው ምሰሶው ላይ ያልበዋል። ከዚያ አንገቱ ተፈትቶ በቅል ይቀዳል፤ ለትልቅ ሰው ሞልቶ፣ ለልጅ ጉንጭ ያህል። “ቀስ በሉ፣ መንገደኛ ነው” ይሉናል አያቴ። መንገደኛ የሚሉት ውሃውን ነው።

ዛሬም የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ግመልም ይመጣል። ጎኑ ላይ የሚታሰረው ግን በናይለን ገመድ የተጠፈረ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ መጀመሪያ የምግብ ዘይት ይዞ ከባሕር ማዶ የገባው። አይፈስም። አይሸትም። አይጥ አይበላውም። ባዶውን ሲሆን እርስ በርሱ ይጋጫልና ግመሉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ውሃው ፈልቶ ለሻይ ቅጠል ጥቂት የቀረው ይመስላል። ይህ የመረራቸው ሰዎች ጀሪካኑን ኬሻ ያለብሱታል፤ ኬሻውን ያርሱታል፤ ነፋስ ሲመታው ውሃው ይበርዳል። ስልቻው በገዛ ቆዳው ይሠራው የነበረውን፣ ጀሪካኑ ልብስ ተገዝቶለት ይሠራዋል።

የጀሪካኑ አባት ከብረት የተሠራ የጀርመን ጦር የነዳጅ ዕቃ ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የተነደፈ፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ማርከው ሲያዩት ከራሳቸው ዕቃ ስለበለጠባቸው ቀዱት። ልኩ ለካሚዮንና ለታንክ የታሰበ ነው። ዛሬ ያንኑ ሃያ ሊትር፣ ሃያ ኪሎ ማለት ነው፣ ጀርባዋ ላይ አስራ ዳገት የምትወጣውን ሴት ስለ ልኩ የጠየቃት የለም። ስልቻው ቢያንስ እንደ ፍየሏ ነበር፤ ትንሽ ፍየል፣ ትንሽ ሸክም።

የስልቻን አሠራር የማውቀው ከከተማው ዳር ከነበሩት ቆዳ ፋቂ ነው። ትልቁ ሰው ሁሉ “አንተ” ይላቸዋል፤ እኛ ልጆች “አያ” እንላቸዋለን። ለውሃ የሚሆነው ስልቻ፣ ይሉ ነበር፣ ፍየሏ ሳትታረድ ይጀመራል። እሾህ ያልቧጨራት፣ መዥገር ያልበሳት ትመረጣለች። ከታረደች በኋላ ሆዷ አይሰነጠቅም። ከኋላ እግሯ ተረከዝ ላይ ጥቂት ይበጡና አፋቸውን ገጥመው ይነፏታል፤ በቡጢ እየደበደቡ ቆዳውን ከሥጋው ያላቅቃሉ፤ ከዚያ ሸሚዝ በራስ ላይ እንደሚወልቅ ገልብጠው እስከ አንገቷ ይስቡታል። ቢላዋ የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ትንሽ ከተበሳ ለእህል ይሆናል እንጂ ለውሃ ቀረ።

ቀጥሎ ጸጉሩ ይፋቃል። የተወቀጠ የግራር ቅርፊት ከውሃ ጋር ሆዱ ውስጥ ይጨመርና ቆዳው ራሱ መዘፍዘፊያ ይሆናል፤ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል። በእግር ይታሻል፤ ቅቤ ይጠጣል። እግሮቹ በጠፍር ይቋጠራሉ፤ የኋላው ቀዳዳ ተጣጥፎ በጅማት ይሰፋል፤ አንገቱ አፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ውሃ ቀልቶና መርሮ ስለሚወጣ ይደፋል፤ ሁለተኛውን አህያ ይጠጣዋል፤ ለሰው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አልቋል ሲባልም አላለቀም። ደርቆ ከከረመ ይሰነጠቃል፤ ርሶ ከተጣለ ይበሰብሳል፤ መሬት ካደረ ምስጥ ያገኘዋል። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ራሱ ሳይተጣጠብ ስልቻውን ይነፋል፣ ያናፍሳል፣ ይቀባል። እሾህ ከበሳው ቀዳዳው ላይ ስንጥር ይሰካና ዙሪያው በክር ይታሠራል፤ መንገዱ ይቀጥላል።

ያ ሁሉ ጥበብ ግን ለባለቤቱ ክብር አላመጣለትም። ሰው የፋቂውን እጅ ሥራ አንገቱን ፈትቶ ውሃ ይጠጣበታል፤ ቤታቸው ገብቶ እህል መቅመስ ግን ነውር ነው። ቡዳ ናቸው ስለሚባል ልጃቸውን የሚያገባ የለም። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው እንደነበር ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አዋጁ እኛ ሰፈር ሳይደርስ ዳገት ላይ ደክሞት ቀርቶ ይሆናል። ስለ ድሮው ቀዝቃዛ ውሃ ሲወራ ይህ ይዘነጋል። ጀሪካኑን የሠራው ማሽን ነው፤ ማሽኑን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሸው የለም። ፕላስቲክ ካመጣልን መልካም ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ለመቀበል ትንሽ ያንቃል እንጂ እውነት ነው።

ዛሬ ቆዳው ራሱ ወራዳ ሆኗል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ፊተኞች ነን እያልን፣ በበዓል ማግስት አዲስ አበባ ውስጥ የበግና የፍየል ቆዳ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ተከምሮ ዝንብ ይወረዋል። ድሮ በዓል ሳይበርድ “ቆዳ ያላችሁ!” እያለ በየበሩ የሚዞረው ነጋዴ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ዋጋው የታክሲውን አይመልስለትም። ቆራሌው ግን አለ። ቀዳዳ ጀሪካን ይገዛል፤ የውሃ ፕላስቲክ ይገዛል። ቆዳ ስታሳዩት አፍንጫውን ይይዛል።

ቆዳ የተትረፈረፈበት ሌላ ዘመንም አይቻለሁ። በ1965 እና በ1966 ድርቅ ወሎና አፋር ሲያልቁ፣ ባቲ ገበያ ላይ ከብት እየቀነሰ የከብት ቆዳ እየበዛ ሄደ። አያቴ ቤት የሚመጡት እንግዶች ግመል መሳብ ትተው በእግራቸው ይመጡ ጀመር። ዳጉውም አጠረ፤ የሚቆጠረው የሞተው ብቻ ነበርና። ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው ስልቻ ተሸብሽቦ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ትዝ ይለኛል። የፍየል ዘር ሲያልቅ ስልቻው በዝቶ፣ ስልቻው ሲበዛ የሚቀዳው ጠፍቶ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ደግ ዓመታት የአሰብ መንገድ መዝናኛችን ነበር። ጣልያን የሠራው ያ መንገድ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ ኤን ትሬ የሚባሉት ካሚዮኖች ጭነታቸውን ተሸክመው እያቃሰቱ ይወጡታል። ሾፌሮቹ ከመኪናው ፊት የሸራ የውሃ ከረጢት ያንጠለጥላሉ፤ ሸራው ያልበዋል፣ የመንገዱ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። የስልቻ የአጎት ልጅ መሆኑ ለእኛ ግልጽ ነበር። ሾፌር ደግ ከሆነ መኪናውን አቁሞ ያጠጣል፤ ካልሆነ አቧራውን ያጠጣል።

አሰብ በ1990 ዓ.ም. በኤርትራ ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ ካሚዮኑ ከሚሌ ወዲያ ወደ ጅቡቲ ይታጠፋል፤ ኤን ትሬም የጡረታ ዕድሜው አልፏል። ዛሬ መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች መኪና ሲያዩ “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ ይሮጣሉ። የሚለምኑት ውሃውን አይደለም፤ ባዶውን ፕላስቲክ ነው። ትምህርት ቤት ውሃ ይይዙበታል፣ ይሸጡታል፣ እናታቸው ዘይት ትቀዳበታለች። እኛ መኪና ስናይ እንጠብቅ የነበረው የሚጠጣውን ነው፤ እነሱ የሚጠብቁት የሚጠጣበትን። የተረፈው ፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እስከ ልጅ ልጆቻቸው ዘመን እዚያው ይቀመጣል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስልቻ አዋጅ አላስፈለገውም፤ ሲያረጅ ውሻ ይወስደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። የሞላ ስልቻ ለልጅ አይሰጥም ነበር። ይከብዳል፣ ቅርጽ የለውም፣ ይንሸራተታል፣ ከወደቀ ይበሳል። እንስራም ቢሆን እንዳይሰበር ለሕፃን አይታመንም። ስለዚህ ውሃ በአብዛኛው የትልቅ ሰውና የጭነት እንስሳ ሥራ ነበር። ፕላስቲክ በየልኩ መጣ፤ የሃያ፣ የአሥር፣ የአምስት፣ የሦስት ሊትር። ዛሬ ማለዳ ወደ ቦኖ የሚሄደውን ቤተሰብ ተመልከቱ፤ እናት ሃያውን፣ ልጅ አሥሩን፣ ታናሽ አምስቱን፣ ገና መሮጥ የለመደችው ደግሞ ሦስቱን አንጠልጥላ። ዕቃው ሲቀል ሸክሙ ለሁሉም ተዳረሰ። መንገዱ ግን ያው የድሮው መንገድ ነው፤ አንድ እርምጃ አላጠረም። ስንት ዕቃ ተለዋወጠ፤ ስልቻው፣ እንስራው፣ የላምባ ቆርቆሮው፣ ጀሪካኑ። የተለወጠውን ያየ ሰው ውሃው ቀርቧል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተ አንድ ታዋቂ የውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት ቢጫውን ጀሪካን አርማው አድርጎታል፤ ምርጫው ልክ ነው፤ ጀሪካኑ ባለበት ሁሉ ቧንቧው እንዳልደረሰ ያውቃል።

ቧንቧው የደረሰበትስ? አዲስ አበባ የምኖርበት ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሀብታሙ ጣሪያው ላይ ሮቶ ሰቅሏል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለው ጀሪካን እየሳበ ደረጃ ይወጣል። ውሃ ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ጀሪካኖቹ ከሌሊት ጀምረው ይሰለፋሉ። ባለቤቶቻቸው ተኝተዋል። ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አንዱ ስም የተጻፈበት፣ አንዱ በጨርቅ የተከደነ፣ ተራቸውን ጠብቀው ቆመዋል፤ የሌላውን ጀሪካን የገፋ ሰው የሚገጥመው ጠብ የሰው ጠብ ነው። ይህን ጀሪካን ብቻ ነው የሚችለው። ስልቻ ብቻውን አይቆምም፤ ባለቤቱ አጠገቡ መሆን አለበት። ጀሪካን ለእኛ ቆሞልን እንድንተኛ አድርጎናል፤ ትንሽ ውለታ አይደለም።

አክስቴ ሐጅ ደርሰው ሲመለሱ ያመጡልን ዘምዘም በአምስት ሊትር ፕላስቲክ የታሸገ፣ በካርቶን የተጠቀለለ፣ የአየር መንገድ ወረቀት የተለጠፈበት ነበር። በሽክና ትንሽ ትንሽ አካፈሉን፤ ዱዓ ተደረገ። እኔ የሐጀራን ነገር አሰብኩ። በእስልምናውም በክርስትናውም ትረካ በረሃ ስትወጣ የያዘችው ውሃ በቆዳ ዕቃ ነበር። ያ ውሃ ባያልቅ ኖሮ ጨንቋት አትሮጥም፤ የዘምዘም ምንጭም አይፈልቅም። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው “አብሽር፣ ይሄኛውም ያልቃል” አሉኝና ክዳኑን አጥብቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

እንጦጦ ፓርክ ሰንበት ማለዳ የሚሮጡ ወጣቶች ጀርባ ላይ ለስላሳ ከረጢት አለ። ውሃ ይይዛል፣ ሲጠጣ ይሟሽሻል፣ ከትከሻ በላይ በሚያልፍ ቱቦ ይጠባል። ነገሩ በ1989 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በሙቀት በታወቀ የብስክሌት ውድድር ላይ የተፈጠረ ነው፤ አንድ የአምቡላንስ ባለሙያ የግሉኮስ ከረጢት በካልሲ ከትቶ ጀርባው ላይ አሰረው። የሰው ልጅ ጠንካራውን ዕቃ ሁሉ ሞክሮ፣ መንገድ ሲበዛበት ወደ ለስላሳው ተመለሰ ማለት ነው። ስልቻ ቢሉት ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ቢሉት ስልቻ። የአንዱን ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ፍየሏ ከነነፍሷ ትገዛለች፣ ሥጋውም ትርፍ ነው።

እውነተኛውን ስልቻ አሁን የማየው አዲስ አበባ ባህላዊ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከጋሻና ከእንቅብ መካከል ተሰቅሏል፤ ዳርዳሩ ዛጎል ተሰፍቶበታል፤ ሆዱ በገለባ ተጠቅጥቋል። ከሥሩ የታሸገ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፣ ዋጋው ከነአገልግሎቱ። አስተናጋጇን ይህ ምንድነው ብዬ ብጠይቃት “የባህል ነው” አለችኝ፤ ምንም ስህተት የለውም።

ባለፈው ባቲ ስወርድ የእኚያን ፋቂ የልጅ ልጅ አገኘሁት። ቆዳ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር፤ ሥራው ሲቀዛቀዝ ወጥቶ ባጃጅ ይነዳል። ሙያውን ግን ከአያቱ አይቷል። ለእኔ አንድ ስልቻ ትሠራለህ ወይ አልኩት።

“የሚሰቀል ነው የሚቀዳበት?” አለኝ።

ልዩነቱን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። የሚሰቀለውን በሁለት ቀን ያደርሳል፤ ገለባውና ዛጎሉ እሱ ዘንድ አለ፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚያዙት አሉ። የሚቀዳበት ከሆነ ክረምቱ መውጣት አለበት፤ ቅርፊት መልቀም አለ፣ መዘፍዘፍ አለ፣ ለባጃጁም ሰው መፈለግ አለበት። ክፍያው ግን ከሚሰቀለው ያነሰ ነው፤ ዛጎል የለውማ።

የሚቀዳበት ይሁን አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ።

“እሺ ጋሼ፤ ግን ፍየሏን በእግሯ ነው የሚያመጧት። እዚያ አርደው ቆዳውን እንዳይልኩልኝ፤ የከተማ ሰው ቢላዋ ሳይበሳ አይገፍፍም።”